ሰላማዊ የተባለው ባሕር

የካ፣ መስከረም 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሸረፈዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከዮኮሐማ የላክሃት ደብዳቤ ትናንት ደረሰችኝ። ፖስታው ዳር ዳሩን ረጥቦ የደረቀ ነው፤ ፊደሉ ግን አልጠፋም። እኔም እማዬም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ሳይወጣ ከእንጦጦ የወረደ ጎርፍ የአጥራችንን አንድ ጎን ጠርጎት ነበር። እማዬ ራሷ ቆርቆሮ መታችበት። ሰው እንጥራ ብላት «ለአጥር ሰው አይጠራም» አለችኝ። ታውቃታለህ።

ለጠየቅኸኝ ነገር መልሱ፣ አዎ፣ ነግሬአታለሁ። መርከባችሁ ከጃፓን ተነሥቶ ትልቁን ውቅያኖስ አቋርጦ ደቡብ አሜሪካ እንደሚሄድ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ከዚያ «ባሕሩ ስም አለው?» አለችኝ።

«በእንግሊዝኛ ፓስፊክ ይባላል።»

«በእኛስ?»

«በእኛ መጽሐፍ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው የሚለው።»

ሸረፍ፣ ፊቷ እንዴት እንደተፈታ ብታይ። በማግሥቱ ቀበሌ ሱቅ ስኳር እየመዘነች ለተሰለፈው ሰው ሁሉ «ልጄ ሰላማዊ ባሕር ላይ ነው» ስትል ዋለች። እኔም ቢሮ ገብቼ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሰላም ወዳድ፣ ረጋ ያለ ይላል። ስለዚህ አልዋሸኋትም።

ይህን የምጽፍልህ እንድትጠነቀቅ ነው። በ1970 አብዱልናስር ከመንገድ ተይዞ ሲገደል፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተስማምተን «ጅማ አጎቱ ዘንድ ነው፣ ደህና ነው» እያልን ስንት ጊዜ እንደሸነገልናት አንተም አትረሳውም። ትልቁን ልጇን የቀበርነው በልቧ ሳይሆን በእኛ ምላስ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነው» የሚል ቃል አታምንም። ይህን ስም ግን አመነችው። ስለ ማዕበል የምትጽፈው ነገር ካለ በሌላ ወረቀት ለእኔ ጻፍልኝ።

እህትህ ከይሪያ


ካያዎ ወደብ፣ ፔሩ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለከይሪያ፣

እንደ ትእዛዝሽ ሁለት ወረቀት ጽፌአለሁ። አንደኛውን ጮክ ብለሽ ለእማዬ አንብቢላት። እዚያ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ባሕሩ ብዙውን ቀን ተኝቶ ነው ያሳለፈን፤ የሚበር ዓሣ አይቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት የመርከቡ ወለል ላይ ወድቆ እናገኘው ነበር። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ከኮምፓሱ እያየሁ ነው የምሰግደው።

ይህኛው ያንቺ ነው። አንድ ሽማግሌ ግሪካዊ መኮንን አለን፤ ካፒቴኑ እንኳ የሚያከብረው ሰው ነው። የባሕሩ ስም እናቴን እንዳስደሰታት ብነግረው ሳቀና «ወደ ደቡብ ስንወርድ እንነጋገራለን» አለኝ። የምንወርደው ወደ አህጉሩ ጫፍ ነው። እዚያ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በሰርጥ ማለቴ ነው፣ አልፈን ወደ አትላንቲክ እንሻገራለን። የቆዩት መርከበኞች ስለዚያ አካባቢ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እፈራ እንደሆነ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። እፈራለሁ። ግን አልመለስም። ሽማግሌው በትርፍ ሰዓቱ ካርታ ማንበብ ያስተምረኛል። ለመኮንንነት ፈተና ለመቀመጥ በባሕር ላይ ያገለገልኩበት ጊዜ ሊሞላልኝ ተቃርቧል። አባታችን መኪና ሲነዳ ኖሮ መኪና ሲነዳ ሞተ፤ እኔ ደግሞ መርከብ እነዳለሁ ብያለሁ። ያልኩትን እንደማደርግ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ሸረፈዲን


ፑንታ አሬናስ፣ ቺሌ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ከይሪያ፣

ፊደሌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኝ እጄ ከአንጓው በላይ የለም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው። በሕይወት አለሁ። ትኩሳቱ ለቆኛል፣ እህልም እበላለሁ።

እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ማዕበል ነበር፣ የብረት ገመድ ነበር፣ በቃ። ሰርጡ ውስጥ ከመግባታችን በፊት፣ እዚያው ሰላማዊ በተባለው ባሕር ላይ ነው የሆነው። መርከቡ እዚህ ሆስፒታል አውርዶኝ ጉዞውን ቀጠለ። ሽማግሌው ግሪካዊ ሲሰናበተኝ የገዛ ኮቱን አልብሶኝ ሄደ።

ከተማው ሰርጡ ዳር ያለ ነው። ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ መንገድ ለመሻገር የሚያዝበት ገመድ የዘረጉበት ቦታ አለ። ባሕሩን ሰላማዊ ብሎ የሰየመው ካፒቴን፣ ማጄላን የሚሉት፣ ሐውልቱ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ከሥሩ የተቀመጠ የአገሬው ሰው ምስል አለ፤ የእግሩን ጣት የነካ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። እኔ አልነካሁም። የምታስታምመኝ ነርስ እንደነገረችኝ ካፒቴኑ በዚህ ሰርጥ ውስጥ መከራውን አይቶ ሲወጣ ባሕሩ ዝም ብሎ ጠበቀው፤ ስሙን ያወጣለት ያን ቀን ነው። እኔን ግን በሌላ ቀን ነው ያገኘኝ።

አሁን የምለምንሽን አድርጊልኝ። የወደቡ ወኪል ወደ አገሬ ሊልከኝ ይፈልጋል፤ እኔ አልፈለግሁም። እማዬ ከሦስት ልጅ አንዱን አጥታለች፤ ሌላውን ደግሞ ጎዶሎውን አላመጣባትም። እዚሁ መጋዘን በዘበኝነት እጠብቃለሁ። ወኪሉን አስፈቅጃለሁ። አንቺ መርከብ ላይ እንዳለሁ ንገሪያት፤ እኔም እንደ ድሮው እጽፍላታለሁ። ባሕሩ ተኝቷል፣ ዓሣው ይበራል እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። አስቤበታለሁ።

ሸረፈዲን


የካ፣ የካቲት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሸረፍ፣

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልህም፤ አንተም የራስህን አልጻፍክልኝም። የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ የሌለ ነገር አነበብኩላት። ወደብ ደርሰሃል፣ ጉንፋን ይዞህ ነበር፣ ተሽሎሃል አልኩ። ስጨርስ እጇን ዘረጋች። ማንበብ እንደማትችል ታውቃለህ፤ መሠረተ ትምህርት የገባችውም ሱቁ እየያዛት ግማሹን ቀን ቀርታ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ አየችው።

«ሸረፍ መስመር መሳት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ።

«መርከብ ይወዛወዛል» አልኳት።

«ወደብ ደርሷል አላልሽም?»

ነጠላዋን አነሣች። «ተነሺ፣ መምህር ኢታና ቤት ውሰጂኝ» አለች። ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ ያለው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ አንተንም አስተምሮሃል። ሰውየው ደጁ ላይ ከሚስቱ ጋር በኦሮምኛ እየተጨዋወተ ድንች ሲልጥ አገኘነው። ደንግጦ ተነሣ።

«መምህር፣ አላስቀምጥዎትም» አለችው። «ሰላማዊ የሚባለውን ባሕር ይህን ስም ማን አወጣለት?»

አየኝ። እኔም አቀረቀርኩ።

«እትዬ ዘሊካ፣ ስሙ የመጣው ከፈረንጅ ነው» አላት። «ፓስፊክ የሚለውን እንግሊዞቹ የወሰዱት ከላቲን ነው፤ ሰላም እና ማድረግ የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው ነው። ሰላም የሚያደርግ እንደማለት ነው። ማጄላን የሚባል ፖርቱጋላዊ ካፒቴን ነበር፤ ለስፔን ንጉሥ አድሮ ይጓዛል። ከአንድ ክፉ መተላለፊያ ሲወጣ ባሕሩ ረግቶ አገኘው፤ ረግቶ ስላገኘው እንዲህ አለው።»

«ሁልጊዜ የረጋ ነው ማለት አይደለም?»

«አይደለም። ይኸውልዎ፣ ይህን ከቤቴ ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ እንላለን። ባሕር ውስጥ በቅሎ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ስም የሰጪውን ነገር ነው የሚነግረን። የተሰየመው ነገር ጠባዩ ሌላ ሊሆን ይችላል።»

እማዬ ቀረብ አለችው። «ያ ስም ያወጣው ሰውዬ አገሩ ገባ?»

መምህር ኢታና ቢላዋውን አስቀመጠ። «አልገባም። ውቅያኖሱን ለመሻገር የመርከቡ ምሰሶ የተጠቀለለበትን ቆዳ ዘፍዝፈው እስኪበሉ ተራቡ። እሱ ማዶ ደርሶ አንድ ደሴት ላይ ተገደለ። አገራቸው የገቡት ጥቂት ናቸው።»

«ሰላም የሚያደርግ ነው ያሉኝ።»

«አዎ። እንግሊዞች ያንኑ ቃል፣ ወታደር አንድ መንደር ገብቶ ሕዝቡን ዝም ሲያሰኝም ይጠቀሙበታል» አላት፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ።

«እኛም ሰፈር ገብተው ሰላም አድርገው ሄደዋል» አለች እማዬ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር።»

ቁልቁለቱን ከፊቴ ቀድማ ወረደች። ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ፊቴ ቆመች። «አብዱልናስር ጊዜ ሁላችሁም ደህና ነው አላችሁኝ። ጎረቤት ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ጅማ ስንቅ ልላክ እያልኩ በርበሬ ስደልዝ ነበር። ዳግመኛ እንዲህ ካደረግሽኝ ልጄ አይደለሽም። አሁን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ሁሉንም ነው የነገርኳት፤ አትቆጣኝ።

አላለቀሰችም። «የትኛው እጁ ነው?» አለችኝ። ቀኙ አልኳት። ከዚያ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩም፦

«ልጄ ሸረፈዲን፣ አብዱልናስርን ሙሉውን ነው የወሰዱብኝ፤ የተቀበረበት አፈር የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አንተ ግን አለህ። ያለ ሰው ጎዶሎ አይባልም። ዓሣ ይበራል እያልክ እንድትጽፍልኝ አልፈልግም። አሰብ ድረስ መጥቼ እወስድሃለሁ። የምትመጣበትን ወር ብቻ ጻፍልኝ።»

ከይሪያ


ፑንታ አሬናስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

አልተቆጣሁሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ ነርሷ ክፉ ዜና የመጣብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ቀጥሎ በደረሰኝ ወረቀት እማዬ አንድ ጥያቄ አስጠይቃኛለች። ሰው ፈርተህ ነው ወይስ አገሩ በጅቶህ ነው እዚያ የምትቀመጠው ብላኛለች። አገሩ አልበጀኝም። ሰው ፈርቼ ነው። ላምበረት ላይ ጓደኞቼ ሲያዩኝ፣ «መርከብ ሊነዳ የሄደው» ሲሉ ማታ ማታ በሐሳቤ እየሰማኋቸው ነበር። ይህን ለእሷ እንደጻፍኩት ንገሪያት፤ ዝቅ አድርገሽ አታንብቢው።

እመጣለሁ። ወኪሉ ወደ አውሮፓ በሚሄድ መርከብ ቦታ አግኝቶልኛል። በአትላንቲክ ወጥተን፣ በስዊዝ አድርገን ወደ አሰብ ነው፤ ያንን ባሕር ዳግመኛ አላየውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ እደርሳለሁ ኢንሻአላህ። መኮንን ልሆን አልችልም፤ ይህን ሐኪሙም፣ ሲሰናበተኝ ሽማግሌውም ነግረውኛል። ካርታ ማንበብ ግን እጅ አይፈልግም። የወደብ ጽሕፈት ቤት ይሁን ትምህርት ቤት፣ የሚያሠራኝ ቦታ እስካገኝ እያንኳኳሁ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ እማዬ አሰብ እንዳትመጣ። በሐምሌ የአሰብ ሙቀት ጎረምሳ ይጥላል። መንገዱም ፍተሻው ብዙ ነው፣ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃሉ። ቤቷ ትጠብቀኝ። አደራሽን አሳምኛት።

ሸረፈዲን


የካ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሸረፍ፣

ይህን ደብዳቤ የያዘችልህ እማዬ ራሷ ናት። አሳምኛት ያልከኝ ነገር አልሆነም።

ረመዳንን ጾማ፣ ኢዱን ከጎረቤት ጋር አሳልፋ፣ በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ሊቀመንበሩ ከበበ ነው። ከአብዱልናስር ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ እቤታችን በልቶ የሚወጣው የዱሮው ከበበ። አሁን ጓድ ከበበ ነው የሚባለው። እሷ ግን ከበበ አለችው።

«የይለፍ ወረቀት ስጠኝ፤ አሰብ እሄዳለሁ።»

«ለምን ጉዳይ ነው፣ እማማ?»

«ልጄን ልቀበል።»

«ልጁ ራሱ ይመጣል አይደል እንዴ? እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይንገላታሉ?»

«ይመጣል ብዬ ቤቴ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ጊዜ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።»

ከበበ ብዕሩን አነሣ። ማን ማን እንዳላት ጠየቃት፤ የልጆቿን ቁጥርም። ሦስት አለችው። መዝገቡን ገልጦ አየና «እዚህ ላይ ሁለት ነው የሚለው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ሦስት ወልጃለሁ» አለችው። «ሁለት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። አንዱ የት እንደገባ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ አሁን ይዘው ያስገቡናል ብዬ ነበር። ከበበ ቀና ብሎ አላያትም። ሦስት ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ሁለቴ መታው። ወረቀቱን ሲሰጣት «አብዱልናስር ጎበዝ ልጅ ነበር» አለ፤ ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስል ነበር።

«እሱን እኔ አውቃለሁ» አለችውና ወጣን።

የሚወስዳት የአባታችን ረዳት የነበረው ጋሽ ዘነበ ነው፤ አሁን የራሱን ተሳቢ ይነዳል። ነገ ንጋት ላይ ከላምበረት ይነሣሉ። ትራስ ጨምሬላታለሁ፣ አትጠቀምበትም። ወንድሜ፣ ስታያት ከስታለች ብለህ አትደንግጥ። ካንተ ወሬ በኋላ አይደለም የከሳችው፤ የከሳችው ቀደም ብላ ነው፣ አልጻፍኩልህም ነበር። ልቧ ያለ ልክ ይመታል፣ ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷታል። ለጉዞውም ሐኪሙን አልጠየቀችም። መድኃኒቱን እያየህ አስውጣት።

ከይሪያ


ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለከይሪያ፣

የጋሽ ዘነበ መኪና ፍሬኑ አስቸግሮት እዚህ ጋራዥ ቆመናል። እማዬ ተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። መድኃኒቷን ውጣለች፣ አይቻለሁ። እንዴት እንደተገናኘን ጠይቀሻታል አሉ በስልክ፤ እሷ «ደህና» ብቻ እንዳለችሽም ሰማሁ። ስለዚህ እኔ ልጻፍልሽ።

መርከቡ የገባው ከተባለው ቀን ዘግይቶ ነው። እሷ ብርቄ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት ዘንድ አርፋ፣ መርከብ ገባ በተባለ ቁጥር ወደቡ በር ላይ ትቆም ነበር። ዘበኞቹ ሁሉ ያውቋታል፤ ወንበር አውጥተውላታል። እኔ የሽማግሌውን ኮት ለብሼ ነው የወረድኩት፤ እጅጌው ረዥም ስለሆነ። እሳት በሚተፋው የአሰብ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል። ከሩቅ አይታ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። እስክደርስ ጠበቀችኝ። ስማኝ ስታበቃ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? «በዚህ ሙቀት ኮት ምን ያደርጋል? አውልቀው» አለችኝ።

ሰው ሁሉ እያየ ነበር። አወለቅሁት።

ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችና አገላብጣ አየችው። «ያምሃል?» አለችኝ። ሲበርድ ነው አልኳት። «የእኛ ሰፈር ይበርዳል» አለች። «ሹራብ እሠራለታለሁ።» ከዚያ ሻንጣዬን ራሷ ልታነሣ ስትል ቀማኋት። በግራዬ ያዝኩት። ከጎኔ ሄደች።

በመንገድ ብዙ አወራን። ስለ አብዱልናስር ያልሰማሁትን ነገረችኝ፤ እኔም ስለዚያች የማዕበል ቀን ለሰው ያልነገርኩትን ነገርኳት። ከባቲ ወዲህ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ አይተናል። እሱን ስንገናኝ እንጂ በደብዳቤ አልጽፍልሽም። እማዬ የያዘችውን ዳቦ አውርዳ አከፋፈለችው።

አንዷን ነገር ግን ልጻፍልሽ። አሰብ ላይ ልንነሣ ጠዋት ጫማዬን ላስር ብርቄ ደጅ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ሆስፒታል ነርሷ፣ መርከብ ላይ ደግሞ አብሮኝ የሚተኛው ልጅ ነበር የሚያስርልኝ። ክሩን በጥርሴ ይዤ ብታገል ይፈታል፣ ብታገል ይፈታል። ብርቄ አይታ አዘነችና ተንበርክካ ልታስርልኝ መጣች። «ተይው» አለቻት እማዬ። ጋሽ ዘነበ ሞተሩን አስነሥቶ «ይመሽብናል፣ እኔ ላስርለት» አለ። «ተወው አልኩ» አለችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር። ሁለት ጊዜ እጇ ተነሣና መልሳ አስቀመጠችው። ሲያቅተኝ፣ ስጀምር፣ ሲያቅተኝ ከቆየሁ በኋላ ክሩ ተያዘልኝ። ሁለተኛውንም አሰርኩ። ያኔ ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

«እንሂድ» አለች።

ቋጠሮው ላላ ያለ ነው። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ግን አልተፈታም።

ወንድምሽ ሸረፈዲን